ለሚቀጥለው ተከራይ

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ኮኪት አጠገብ ባለ የኪራይ ማሳ ዳር ቆሜ አጎቴን ስለ ኮምፖስት እሰብካቸው ነበር። «ስብከት» ያልኩት አጋንኜ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሰሞን ነው፤ ስልኬ በግብርና ቪዲዮ ተሞልቷል፤ የዋልካው ጭቃ ጫማዬ ላይ ተደራርቦ እግሬን ማንሳት አቅቶኛል፤ አፌ ግን አላረፈም። አገዳውን አታቃጥሉት፣ ጉድጓድ እንቆፍር፣ ከበረት ፍግ እናጓጉዝ፣ የሽፈራው ቅጠል ጨምቀን እንርጭ፣ አፈር ሕይወት አለው፣ ዩሪያ መሬቱን ሱሰኛ ያደርገዋል... ብቻ ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት። በዚያ ላይ የዩክሬን ጦርነት ተጨምሮበት የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ የነካበት ዓመት ስለነበር፣ ጊዜው ራሱ የሚያግዘኝ መስሎኝ ነበር።

አጎቴ እያረሙ ሰሙኝ። ስጨርስ ወገባቸውን ቀና አድርገው አንዲት ቃል ብቻ ጠየቁኝ።

«ለማን?»

«እንዴት ለማን ጋሼ?»

«ይህን አፈር ለማን ነው የማዳብረው? ለከርሞ እኔ እንደማርሰው ማን ነገረህ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ አፈርም ስለ ሥነ ምግባርም ያነበብኩት ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያች ማሳ ዳር ይመልሰኛል። ለነገ መልካም ማድረግ ተገቢ ነው፣ እሺ። ነገ የእኔ ካልሆነስ?

ኮኪትን ለማታውቁ፦ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ፣ ማለትም ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥና አኩሪ አተር ነው። ሙቀቱን አልነግራችሁም። ከጥንት ጀምሮ በአካባቢው የኖሩ ጉሙዞችና ሌሎችም አሉ፤ የሚበዛው ሰው ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከፊሉ በ1990ዎቹ በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ወረደ፣ ከፊሉ ሰሊጥ ሊያርም ወይም ሊያጭድ መጥቶ እዚያው ቀረ። በየዓመቱ ደግሞ ከጎጃም፣ ከደጋው ጎንደር፣ ከወሎ ወጣቱ ለአረምና ለአጨዳ ይጎርፋል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ስለሄደ ሰው ሲጠየቅ «በረሃ ወርዶ ነው» ይባላል። ወርዶ ማለት ሊመለስ ማለት ነው። የታሪክ መጽሐፍ ላይ መተማ የምትነሳው በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁባት ስፍራ ሆና ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት የሸሸ ሰው የሚገባባት በር ሆናለች። ለብዙ ሰው የሚያልፍባት እንጂ የሚያረጅባት ቦታ አይደለችም።

ሠራተኛው የሚመጣው ልብሱን በማዳበሪያ ይዞ ነው። ይህች ቃል ሁልጊዜ ታስቀኛለች። ዳበረ፣ አዳበረ፣ ማዳበሪያ፦ ቃሉ ሲወለድ እንዴት ያለ ሀብታም ቃል ነው! ልምድ ይዳብራል፣ ቋንቋ ይዳብራል፣ ባህል ይዳብራል፤ ሁሉም ጊዜ የሚፈልግ ነገር ነው። ከዚያ ማዳበሪያ ማለት ነጩ የዩሪያ ፍሬ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ፍሬው የመጣበት የላስቲክ ከረጢት ሆነ። ዛሬ «ማዳበሪያ አምጣልኝ» ብትሉ የሚመጣላችሁ ባዶ ከረጢት ነው። የሚያዳብረው አልቆ፣ መያዣው ስሙን ወርሶ ቀረ።

ወደ ኪራዩ ልመለስ። አጎቴ ሁለት ሄክታሯን የሚያርሱት ለአንድ ክረምት በሚደረግ ስምምነት ነበር። ምርቱ ሲገባ ሒሳብ ይዘጋል፤ ለሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ መነጋገር ነው። ባለመሬቱ ዋጋ ሊጨምር ይችላል፣ ለዘመዱ ሊሰጥ ይችላል፣ ለትልቅ ባለሀብት ሊያከራይ ይችላል፣ ራሱ ሊያርሰው ይችላል። ይህ ሁሉ መብቱ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ይህ ነገር ባዕድ አይሆንባችሁም። የተከራያችሁት ኮንዶሚኒየም ቧንቧ ሲያንጠባጥብ በራሳችሁ ገንዘብ ታሠሩታላችሁ? ግድግዳውን ቀለም ትቀቡታላችሁ? አንዲት ጓደኛዬ ቀብታ ነበር። አከራይዋ መጥተው አዩትና በጣም አደነቁ፤ በወሩ ኪራይ ጨመሩባት። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ለቤት ተከራይ ትልቅ ነገር ነው። ግን ግድግዳ ቢከፋ ቢከፋ ይላጣል። አፈር ከአንድ ክረምት ተከራይ ወደ ሌላ የአንድ ክረምት ተከራይ ሲተላለፍ የሚደርስበት ከመላጥ ይብሳል።

ምክንያቱም የአፈርና የሰው ሰዓት አንድ አይደለም። ዩሪያ ስትበትኑ፣ ዝናብ ካገኘ፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ቅጠሉ ሲጠቁር ታያላችሁ። ኮምፖስት ተቆልሎ እስኪበስል ብቻ ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል፤ ማሳ ላይ ከወጣ በኋላም ያለውን የሚሰጠው በትንሽ በትንሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር አነሳሽነት ትግራይ ውስጥ በአራት የገበሬ ማኅበረሰቦች የተጀመረውን የኮምፖስት ሥራ ብዙዎች ያውቁታል። እዚያ በተሰበሰበው መረጃ፣ ኮምፖስት የገባበት ማሳ ኬሚካል ማዳበሪያ ከተጣለበት እኩል ወይም የበለጠ ምርት ሰጥቷል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፤ አንዴ የገባ ኮምፖስት ጥቅሙ እስከ አራት ዓመት ድረስ ይታይ ነበር። አራት ዓመት! ለባለ ይዞታው ይህ ደስታ ነው፤ ዘንድሮ የደከምኩበትን ሦስት ክረምት እበላዋለሁ ማለት ነው። ለአጎቴ ግን ያው ቁጥር ኪሳራ ነው፤ አንዱን ዓመት እኔ፣ ሦስቱን ሌላ ሰው። ትግራይ እ.ኤ.አ. በ1998 በአገሪቱ ቀድማ ለገበሬ የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት የጀመረች ክልል መሆኗንም አትርሱ። ኮምፖስቱና ወረቀቱ በአንድ ዘመን መምጣታቸው ቀላል ነገር አይመስለኝም።

በሌላው ጫፍ ስሪላንካ አለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያ አካባቢ መንግሥቱ የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ ከለከለ፤ አገሩ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወደ ተፈጥሯዊ እርሻ ይግባ ተባለ። የሩዝ ምርቱ ወደቀ፣ ራሷን ትመግብ የነበረች አገር ሩዝ ገዛች፣ ክልከላው በኅዳር ተነሳ። የእኔም የሐምሌ ስብከት በትንሹ እንደዚያ ነበር። አፈር ለመዳበር የሚፈልገውን ዓመታት ሳይሰጡ «በሉ ተፈጥሯዊ ሁኑ» ማለት ገበሬውን ለረሃብ ማዘዝ ነው። ደሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ዛሬ በምድር ላይ ካለው ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው እንጀራውን የሚያገኘው በፋብሪካ በተሠራ ናይትሮጅን እንደሆነ ይገመታል። እኔም ያደግኩት በዚያ እህል ነው።

እዚህ ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል ትንሽ ልነካካው። ማሸጊያ ላይ ሲጻፍ ደስ ይላል፤ ግን ጥሩና መጥፎን አይለይም።

ጃፓኖች አንድ የሩዝ በሽታ አላቸው፤ ስሙ ሲተረጎም «የቂል ችግኝ» እንደማለት ነው። የታመመው ችግኝ ከጓደኞቹ ሁሉ ተለይቶ ይመዘዛል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ገርጣ ያለ። ለማያውቅ ሰው የማሳው ጎበዝ እሱ ነው። ከዚያ ይወድቃል፤ ወይ ይሞታል፣ ወይ ፍሬ አልባ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1926 ኩሮሳዋ የሚባል ተመራማሪ ይህን የሚያደርገው አንድ ሻጋታ የሚያመነጨው ነገር መሆኑን አሳየ፤ በ1935 ያቡታ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ ያንን ነገር ጂበረሊን ብሎ ሰየመው። ዛሬ ጂበረሊን በዓለም ላይ ከታወቁት የዕድገት ማፋጠኛዎች አንዱ ነው፤ ፍሬ አልባው ወይን ዘለላው እንዲተልቅ ይረጭበታል። መቶ በመቶ የተፈጥሮ ውጤት ነው። ችግኙንም የገደለው እሱው ነው።

ነገሩ ሆርሞን ምግብ አለመሆኑ ላይ ነው። መልእክት ነው። «እደግ» ይላል፤ በምን እንደሚያድግ አይነግረውም። (ከአዳራሽ በጩኸት ተሞልተን ወጥተን ታክሲ መያዣ ያጣንበትን የሞቲቬሽን ፕሮግራም ያስታወሰኝ ይሄ ነው።) ያ እንርጨው ያልኩት ሽፈራውም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ዚያቲን የሚባል የተክል ሆርሞን አለ፤ ጭማቂው በውሃ ቀጥኖ ሲረጭ ቅጠል ቶሎ እንዳያረጅና ተክሉ እንዲበረታ ሊያግዝ ይችላል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን የሚያነቃቃው ተክሉን እንጂ አፈሩን አያበላም። ዘንድሮ ትረጩታላችሁ፣ ዘንድሮ ትበሉታላችሁ፣ ሒሳቡ ተዘጋ። በዚህ ዓይን ካየነው ሽፈራው ከኮምፖስት ይልቅ የዩሪያ ዘመድ ነው። ሁለቱም የተከራይ ነገሮች ናቸው። አኩሪ አተር ላይ የሚታሸው ባክቴሪያ ያለበት ሕያው ማዳበሪያም ቢሆን ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዘው በዚያው ክረምት ነው፤ ስለዚህ አጎቴ ምንም ሳይጠይቁ የተቀበሉኝ ምክር እሱ ብቻ ነበር። መለያው መስመር በፋብሪካና በተፈጥሮ መካከል አይደለም ማለት ነው። ጥቅሙን ከሚዘራው ሰው ጋር ጨርሶ በሚሄድና ለሌላ በሚተርፍ መካከል ነው።

ለሌላ የሚተርፈው ደግሞ መልካሙ ብቻ አይደለም። አቀንጭራን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አበባዋ ያምራል፣ ሐምራዊ ነው። ማሽላ ሥር ሥር ትበቅላለች። ሥሯን ከማሽላው ሥር አጣብቃ ውሃውንም ምግቡንም ትመጠዋለች፤ ጫፏ ከአፈር ብቅ ብሎ እስኪታይ ድረስ ጉዳቱን አብዛኛውን ጨርሳለች። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ትበትናለች፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል። ስሟ የመጣው ከመቀንጨር ነው፤ ለልጆች የምንለው ያው ቃል። በ2011 የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 41 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ማሽላውና ልጁ በአንድ ግስ መነገራቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ አንዱ ሲቀነጭር ሌላው ይከተላል።

ይህ ሁሉ ዘር መቼ መንቃት እንዳለበት በምን ያውቃል? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገርመው። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያጣ፣ ማለትም ሲራብ፣ በሥሩ በኩል አንድ ኬሚካል ወደ አፈሩ ይለቃል። «ድረሱልኝ» እንደማለት ነው፤ የሚጠራውም አፈር ውስጥ ያሉ ፎስፈረስ የሚያቀብሉትን ጠቃሚ ፈንገሶች ነው። ጩኸቱን ግን አቀንጭራም ትሰማለች። ተኝታ የነበረችው ዘር ትነቃና የተራበውን ፈልጋ ትጣበቃለች። አፈሩ በተራቆተ ቁጥር ጩኸቱ ይበረታል፣ ጩኸቱ በበረታ ቁጥር አቀንጭራ ትበዛለች። የእኛው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ካገኙባቸው ሥራዎች አንዱ ይህን የሚመለከት ነው፤ ጩኸታቸው ዝቅ ያለ፣ አቀንጭራን የማይቀሰቅሱ የማሽላ ዝርያዎችን አዳቅለው አወጡ። ከመተማ ማዶ ሱዳን ውስጥም ለዓመታት በማሽላ ላይ ሠርተዋል።

ደግሞ ይቺን ስሙኝ። አቀንጭራን የሚቀሰቅሰው ኬሚካል መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1966 የተለየው ከማሽላ ሥር አልነበረም፤ ከጥጥ ሥር ነው። አቀንጭራ ግን ጥጥ ላይ መኖር አትችልም። ጥጥ ይጠራታል፣ ትነቃለች፣ የምትጣበቅበት ታጣለች፣ ትሞታለች። ሰሊጥም እንዲሁ ያደርጋል። ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላ፦ የኮኪት ማሳ ላይ ያሉት ሦስቱ! ማሽላ ከማሽላ ላይ ከመደራረብ ይልቅ አንድ ሁለት ዓመት ሰሊጥ ወይም ጥጥ ጣልቃ ማስገባት አፈር ውስጥ የተኛውን ጠላት እየቀሰቀሱ በረሃብ መፍጀት ነው። ፍግ ሲጨመርበት ማሽላው የሚጮህበት ምክንያት ይቀንሳል። ከሚረጭ ነገር ሁሉ የሚበልጠው የማሽላ «ማሳደጊያ» አምና እዚያ ቦታ ምን እንደተዘራ ሊሆን ይችላል። አምና ደግሞ ያረሰው ሌላ ሰው ነው።

የአጎቴን «ለማን?» በትክክል የገባኝ ያኔ ሳይሆን በበዓል ቀን ቤታቸው ቡና እየጠጣን ታሪኩን ሲነግሩኝ ነው። ከዚች ሁለት ሄክታር በፊት ሌላ መሬት ነበራቸው፣ እሱም ኪራይ። ሲረከቡት ማሽላው ከጉልበት አያልፍም ነበር፤ ሐምራዊ ነው፣ አቀንጭራ ብቻ። ሦስት ዓመት ለፉበት። በበጋ ከዘላን በረት ፍግ በአህያ አመላለሱ፣ ሰሊጥና ማሽላ አፈራረቁ፣ አበባ ከማውጣቷ በፊት አቀንጭራዋን በእጅ ነቀሉ፣ ጎርፍ የሚሄድበትን ዳር በአገዳና በድንጋይ ከተሩ። በሦስተኛው ዓመት ማሳው መንገደኛ የሚያቆም ሆነ። መንገደኛውም ቆመ፤ ጠየቀ፤ ለባለመሬቷ የተሻለ ዋጋ ሰጠ።

«ታዲያ አላዘኑም?» አልኳቸው።

«በማን ልዘን? እሷም ባሏ ሞቶባት፣ በሬ የላት፣ ልጆች ታስተምራለች። ብር ሲያሳዩዋት ምን ትበል? እኔ ነኝ መሬቷን ያስወደድኩባት።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሰነፍ ቢሆኑ ኖሮ መሬቱ በእጃቸው ይቆይ ነበር ማለት ነው። ያስወጣቸው መልካም ሥራቸው ነው። ስለ በጎነት የሚያስተምሩን ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ክፍል ይህ ይመስለኛል። በጎነት ዋጋ ያስከፍላል ይሉናል፤ ዋጋውን ከፍሎ የተመለመለው ማን፣ ጥቅሙን የወሰደውስ ማን እንደሆነ አይነግሩንም።

ጆን ሎክ የሚባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ሰው ጉልበቱን ከመሬት ጋር ሲቀላቅል የባለቤትነት መብት ያገኛል ብሎ ተከራክሯል። አጎቴ ጉልበታቸውን ከመሬት ጋር የቀላቀሉት በምሳሌ አይደለም፤ በአህያ ጭነው ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ካለ በኋላ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል፤ የመጠቀም መብቱ ሲያበቃ ንብረቱን ሊያነሳ ወይም ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ጥሩ። ቤት የሠራ ቆርቆሮውን ነቅሎ ይሄዳል። ፍግ ያስገባ ምን ይንቀል? ሦስት ዓመት አፈር የሆነ ነገር እንዴት ተለቅሞ በማዳበሪያ ይከተታል?

ይህ ጥያቄ መልስ የሌለው እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1875 ባወጡት የእርሻ ይዞታ ሕግ፣ ተከራይ ገበሬ ሲወጣ መሬቱ ውስጥ ትቶት ለሚሄደው፣ ገና ላላለቀ ማሻሻያ ካሳ እንዲያገኝ ደነገጉ። ሕጉ ማሻሻያዎችን በዕድሜ ከፋፍሏቸዋል፤ እንደ ሕንፃ ያለው ሃያ ዓመት፣ መካከለኛው ሰባት፣ ማዳበሪያው ሁለት ዓመት። መጀመሪያ ባለመሬት ካልፈለገ በውል ሊያስቀረው ይችል ነበር፤ በ1883 ግዴታ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ የካሳው መጠን አይደለም። አንድ ፓርላማ ተቀምጦ ፍግ አፈር ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ተከራክሮ፣ ያንን ዓመት በብር መተመኑ ነው። እኔ ገበሬውን «ለነገ አስብ» ስለው፣ እነሱ ነገን ቆጥረው ሒሳብ አደረጉት።

ስለዚህ አቋሜን ልናገር። መሬቱ ነገ የእሱ የማይሆንን ሰው «አፈሩን አዳብር፣ ግዴታህ ነው» ማለት አግባብ አይመስለኝም። ስጦታን በግዴታ ስም መጠየቅ ነው፤ ያውም ከድሃው። ግዴታው ካለ መጀመሪያ ያለው በሚያከራየው፣ ውሉን በሚጽፈውና በሚያጸድቀው ላይ ነው። ለሦስት ለአራት ክረምት የሚጸና ውል፣ ተከራዩ ሲወጣ የሚከፈል የፍግ ሒሳብ፦ ይህ ከመቶ ሥልጠና ይሻላል። ሥልጠናውን የሰጠሁት እኔ ስለሆንኩ ነው የምናገረው።

ግን በዚህ አልረካሁም፤ ምክንያቱም አጎቴ በዚያ አመክንዮ አልሄዱም። እኔ ስሰብክ «ለማን?» ያሉት ሰው፣ ከበረት ፍግ በአህያ ያመላለሱት ያው ሰው ናቸው። መሬቱ ከእጃቸው ከወጣ በኋላም፣ በአዲሷ ሁለት ሄክታር ላይ አቀንጭራ ሲያዩ ጎንበስ ብለው ይነቅሉ ነበር። ለምን? ብዬ ብጠይቃቸው «ዓይኔ አይችልም» አሉኝ። ሒሳቡ አይሆንም ይላል፤ እጃቸው ግን ሒሳቡን አይሰማም። ይህንን ሞኝነት የሚለው ይኖራል። እኔ ለማወቅ የምፈልገው፣ ከእሳቸው በፊት ያንን ማሳ ያረሰ ሰው አንዲት አቀንጭራ ነቅሎ ከሆነ፣ ያቺ ነቀላ አሁን የማን ናት? ውል ሊጻፍላት አይችልም። ማንም አያያትም፤ ያልበቀለ ነገር አይታይም። ሕግ የፈለገውን ያህል ቢሟላ፣ አፈር ውስጥ ሁልጊዜ ያልተከፈለበት የሌላ ሰው ሥራ ይተርፋል። ያልተጠየቀበት የሌላ ሰው ጥፋትም እንዲሁ።

አጎቴ አምና ለቀቁ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመንገዱ ነገር አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ወገባቸው አለ። አሁን ጎንደር፣ አዘዞ በኩል፣ ልጃቸው ቤት ናቸው። ግቢው ውስጥ በሲሚንቶ መሃል በቀረች ሁለት ክንድ በማትሞላ አፈር ጎመን ተክለዋል፤ ቤቱ የኪራይ ነው። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ከኮኪት ጎረቤታቸው ጋር በስልክ እያወሩ ደረስኩ። ድምፃቸው ከፍ ብሏል።

«ምን ዘራበት? ... ማሽላ? ዓመቱንም ማሽላ፣ ዘንድሮም ማሽላ? ምን ነካው ሰውዬው! ... የለም የለም፣ ስማኝ። በምሥራቅ በኩል፣ ከግራሩ ወዲህ፣ ያልጨረስኳት አለች። አቀንጭራ። ንገረው። ለከርሞ እዚያች ላይ ሰሊጥ ያድርግባት። አበባ ሳታወጣ ይንቀላት በለው።»

ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ ሲያደርጉ ጠብቄ፣ «አዲሱን ተከራይ ያውቁታል እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ማንን? ከየት አውቀዋለሁ።»

ስልኩን ወደ ጆሯቸው መለሱት። «ሰማኸኝ? ከግራሩ ወዲህ ነው ያልኩህ። ከግራሩ ወዲህ።»